የቤታችን ጣሪያና «አላየሁም» የምንላት ምክንያት

 

ይህን ጽሑፍ ከመቀጠላችሁ በፊት ከተቀመጣችሁበት ሆናችሁ አንድ ጊዜ ቀና በሉ። ከራሳችሁ በላይ ያለውን ኮርኒስ ተመልከቱት። በአንዱ ጥግ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ቡናማ ክብ ይታያችኋል? ከታያችሁ፣ መጀመሪያ ያያችሁት መቼ ነበር? ዘንድሮ ነው ወይስ አምና? የምትሰጡት መልስ ስለ ጣሪያው ብቻ ሳይሆን ስለ ራሳችሁም የሚናገረው ነገር አለ።

የእኔ መልስ የሚያሳፍር ነው። ብዙዎቻችን ዛሬም አሰበ ተፈሪ እያልን በምንጠራት በጭሮ ከተማ ከመኖሪያ ቤቴ ጀርባ የማከራያቸው ሁለት ክፍሎች አሉኝ። በአንደኛው ሁለት ልጆቿን ይዛ የምትኖር አንዲት እናት ነበረች። በበልግ መግቢያ «ጋሼ፣ ጣሪያው በአልጋው በኩል ያፈሳል» አለችኝ። «ኢንሻአላህ እናየዋለን» አልኳት። በግንቦት ደገመችልኝ፤ «ኢንሻአላህ» አልኳት። በሰኔ ለሦስተኛ ጊዜ ነገረችኝ፤ መልሴ ያው ነበር። በሐምሌ አንድ ሌሊት በረዶ የተቀላቀለበት ዝናብ ሲወርድ ያደረው ውሃ የጥጉን ኮርኒስ ከነጭቃው ይዞት ወረደ። አልሐምዱ ሊላህ፣ እናትየዋ ፍሳሹን ፈርታ ልጆቹን ወደ ሌላው ጥግ ወስዳቸው ስለነበር በሰው ላይ ጉዳት አልደረሰም። ነገር ግን የዱቄቱ ከረጢት፣ የልጆቹ ደብተርና በራስጌ የነበረው ሙስሐፍ ረጥበው አደሩ።

በማግሥቱ ስደርስ ሙስሐፉን ገጽ በገጽ እየገለጠች ፀሐይ ላይ ታሰጣለች። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣትም። ይልቁንም የወሩን ኪራይ ከመቀነቷ ፈትታ ሰጠችኝ። መሰላል አስደግፌ ስወጣ ያገኘሁት በባሕር ዛፍ ቅጠል የተደፈነ አሸንዳና ዝገት የበላቸው ጥቂት የሚስማር ቀዳዳዎች ነበሩ። ጥቂት ሚስማርና አንድ ጣሳ ሬንጅ የሚጨርሱት ሥራ ነበር።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሁለት ነገሮች ሲከነክኑኝ ይኖራሉ። የመጀመሪያው «ኢንሻአላህ» የምትለዋን የከበረች ቃል ምን አድርጌያት እንደነበር ነው። ይህች ቃል ባሪያው አንድን ነገር ለማድረግ ከልቡ ቆርጦ፣ ፍጻሜውን ለአላህ (ሱ.ወ.) የሚተውባት ናት። እኔ ግን ላለማድረግ በወሰንኩት ነገር ላይ የምደርባት መሸፈኛ አድርጌያት ነበር። ግመሉን ሳያስር በአላህ ስለመመካት ለጠየቀው ሰው ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) አስቀድሞ እንዲያስር መንገራቸውን ቲርሚዚ ዘግበዋል። ግመል ለሌለን ለእኛ ለከተማ ሰዎች የቆርቆሮው ሚስማር ከዚያ ገመድ በምን ይለያል?

ሁለተኛው ጥያቄ ይበልጥ የከበደ ነው። እኔ ሦስት ጊዜ ተነግሮኛልና ምክንያት የለኝም። ነገር ግን ያች እናት ባትነግረኝስ ኖሮ? «አላየሁም፣ አላወቅሁም» ብዬ በሰውም በአላህም ፊት እድን ነበርን?

የፊቅህ ሊቃውንት ለዚህ የሚቀርብ ጉዳይ መርምረዋል። በሐነፊ መዝሀብ ወደ መንገድ ያዘነበለ ግድግዳ የታወቀ ርእስ ነው። ባለቤቱ እንዲያፈርሰው ወይም እንዲያቃናው በምስክር ፊት ከተነገረው በኋላ፣ መጠገን የሚችልበት ጊዜ እያለው ዝም ቢልና ግድግዳው ወድቆ ጉዳት ቢያደርስ ተጠያቂ ይሆናል። ሳይነገረው ቢወድቅ ግን ካሣ አይጠየቅም። ይህን ያነበበ ሰው «እንግዲያስ አለማወቅ ይሻላል፤ መሰላል ባልወጣ፣ ኮርኒሱንም ባላይ ይቅርብኝ» ሊል ይችላል።

ሆኖም በአገራችን በሰፊው የሚቀራው የሻፊዒይ መዝሀብ ስለ አደራ የሚለውን ደግሞ ተመልከቱ። ኢማም ነወዊ በ«ሚንሃጅ» እንዳሰፈሩት የሱፍ ልብስ በአደራ የተቀበለ ሰው ብል እንዳይበላው አውጥቶ ንፋስ ካላስመታው ጥፋተኛ ይባላል። ልብ በሉ! ይህ ሰው ብሉን አላየም፤ ማንም አልነገረውም፤ ልብሱን በሣጥን ቆልፎ ነው ያስቀመጠው። ጥፋቱ ሣጥኑን አለመክፈቱ ነው። የሱፍ ባሕርይ ይታወቃልና መጠበቅ ማለት መቆለፍ ብቻ ሳይሆን እየገለጡ ማየትም ጭምር ነው።

በእኔ ግንዛቤ የጥያቄያችን መልስ እዚህ ላይ ነው። አለማወቅ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰው ፈልጎ ሊደርስበት ያልቻለው ነው፤ ይህን አላህ ይቅር ባይ ነው። ሌላው ሰው ዐውቆ የሚሸሸው ነው፤ ይህኛው አለማወቅ ሳይሆን ዓይንን መጨፈን ነው። ዳኛ ካሣ ላያስከፍለን ይችላል፤ ነገር ግን ከጣሪያው ሥር የሚተኙት ልጆቻችን፣ ወላጆቻችንና ተከራዮቻችን አደራዎቻችን ናቸው። የቆርቆሮ ባሕርይም እንደ ሱፍ ባሕርይ የታወቀ ነው።

የታወቀ ነው ስንል እንዴት? ቆርቆሮ ብረቱን ከዝገት የሚጠብቅ ስስ የዚንክ ልባስ አለው። ይህ ልባስ አስቀድሞ የሚያልቀው በሚስማር ቀዳዳ፣ አንዱ ቆርቆሮ በሌላው ላይ በሚደረብበትና እርጥብ ቅጠል በሚከማችበት ቦታ ነው። ሚስማር በቆርቆሮው ጀርባ ላይ እንጂ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ውስጥ ከተመታ ማፍሰሱ አይቀርም። ገበያ ላይ 35 የሚባለው ጌጅ ከ32ቱ የሳሳ ነው፤ ቁጥሩ በጨመረ ቁጥር ቆርቆሮው ይሳሳልና ርካሽ ዋጋ አያታላችሁ። ከቆርቆሮው ሥር ያለው ማገርና ወራጅ ደግሞ ምስጥ የሚወደው እንጨት ነው። በተለይ በመኢሶ ቆላ ያላችሁ እንጨቱን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጋችሁ ድምፁን ስሙ፤ ባዶ ድምፅ ካሰማ ውስጡ ተበልቷል። በሂርና፣ በቁኒና በገለምሶ ደጋማ ስፍራዎች ያላችሁ ደግሞ ከበረዶ በኋላ አሸንዳውን ጥረጉ። በአካባቢያችን የበልግ ዝናብ በመጋቢት፣ የክረምቱም በሰኔ ማብቂያ ስለሚጀምር፣ በየካቲት አንዴ በሰኔ መግቢያ አንዴ ማየት ይበቃል። ያረጀ ቆርቆሮ ላይ ግን አትቁሙ፤ እግራችሁን ሚስማር በተመታበት መሥመር፣ ከሥሩ እንጨት ባለበት ላይ አሳርፉ። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ነው።

የጎረቤት ሐቅም አለ። ቆርቆሮው በነፋስ እንዳይነሳ ብለን የምንጭነው ድንጋይ ቁልቁል የሚወርደው ማን ላይ ነው? የጣሪያችን ጠፈጠፍ ሲቦረቡር የሚከርመው የማንን የጭቃ ግድግዳ ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግ እንኳ ሕንፃ ለሚያደርሰው ጉዳት ባለቤቱን ኃላፊ ያደርገዋል። አከራዮችም እንስማ፤ በሻፊዒይ መዝሀብ የተከራየ ቤት ጥገና የአከራዩ ድርሻ ነው። እርሱ ካልጠገነ ተከራዩ ውሉን የማፍረስ መብት አለው። እኔ ያን መብቷን ሳልነግራት ኪራዩን ተቀብዬ ነበር።

«ቀደር ነው» የሚል ወንድም አይጠፋም። በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትንቀጠቀጥ፣ ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ሲሰማና በሺዎች የሚቆጠሩ ወገኖቻችን ከቤታቸው ሲወጡ አይተናል። ምድርን የሚያንቀጠቅጠው አላህ ነው፤ ማንም አያቆመውም። ምስጥ የበላውን ወራጅ መለወጥና አለመለወጥ ግን ለእኛ የተተወ ነው፤ የምንጠየቀውም በተተወልን ነው።

ሌላው ደግሞ «የዱንያ ቤት ለምን ይህን ያህል?» ይላል። እውነት ነው፤ የመዲናው መስጂድ ጣሪያ የተምር ዝንጣፊ ነበር። በአንድ የረመዷን ሌሊት ዝናብ ወርዶ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በውሃና በጭቃ ላይ ሱጁድ ማድረጋቸውን ቡኻሪ ዘግበዋል። በድህነት የሚያፈስ ጣሪያ ነውር የለበትም። ነገር ግን ዑመር (ረ.ዐ.) መስጂዱን ባሳደሱ ጊዜ ያዘዙት ሰዎችን ከዝናብ የሚያስጠልል እንዲሆን ነው፤ ሰጋጁን ከሶላቱ የሚያዘናጋ ቀለምንም ከልክለዋል። እኛ ይህን ገልብጠነዋል። የግቢውን በር በደማቅ ቀለም እናስውባለን፤ ከላይ ያለው ሚስማር ግን ይዝጋል። መጠለያ ሐቅ ነው፤ ጌጥ ግን ትርፍ ነው።

በመጨረሻም መሰላል መውጣት የማይችሉትን እናስብ። በየጁሙዓው በምንቀራው ሱረቱል ካህፍ ውስጥ ሙሳና ያ ዕውቀት የተሰጠው የአላህ ባሪያ ወደ አንዲት ከተማ ይደርሳሉ፤ ሰዎቿም አናስተናግድም ይሏቸዋል። ባሪያው ግን ሊወድቅ የተቃረበ ግድግዳ አይቶ ያለ ዋጋ አቆመው፤ ግድግዳው የሁለት የቲሞች ነበርና። የከተማው ሰዎች ሁሉ በዚያ ግድግዳ አጠገብ ያልፉ ነበር፤ ቆሞ የጠገነው ግን እንግዳው ነው። እኛስ ስንት ጊዜ አልፈናል? በየሰፈራችን ባል የሞተባት፣ ያረጀ፣ ዓይኑ የደከመ ሰው አለ። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ሁለት ወጣቶች መሰላልና መዶሻ ይዘው ቢሄዱ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው።

ያች እናት ዛሬ ሌላ ሰፈር ነው የምትኖረው። ሄጄ ይቅርታ ጠይቄያታለሁ፤ ዐፉ ብላኛለች። ሙስሐፉ ደርቋል፤ ቢጫ ጠባሳው ግን በገጾቹ ላይ ቀርቷል። እናንተ እዚያ ሳትደርሱ፣ ዝናቡም ሳይመጣ ቀና በሉ። አላህ አደራችንን የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን። ወላሁ አዕለም።