የሚሸሽበት ያለው አሳ

ከአዲስ አበባ የጌጥ አሳ ገዝቶ ወደ ፍኖተ ሰላም ወይም ወደ ቡሬ የሚመለስ ሰው ዓይኑ ሲክሊድ በሚባሉት ቢጫና ሰማያዊ የማላዊ ሐይቅ አሳዎች ላይ ቢያርፍ አይፈረድበትም፤ ቀለማቸው ይጠራል። ችግሩ ከነጉፒና ከወርቃማ አሳ ጋር አንድ የመስታወት ሳጥን ውስጥ ሲጨመሩ ይመጣል። ብዙም ሳይቆይ የአንዱ ክንፍ ተቦጫጭቆ፣ ሌላው ማሞቂያው ጀርባ ተወሽቆ ይገኛል። ባለቤቱም «ክፉ አሳ ሸጡልኝ» ይላል። ፍርዱ ግን የችኮላ ነው። የእነዚህ አሳዎች ዘመድ ከደጃችን፣ ጣና ውስጥ፣ ከብዙ ጎረቤት ጋር ለዘመናት ኖሯልና።

ያ ዘመድ ቆሮሶ ነው። ጣና ውስጥ ያለው ብቸኛ ሲክሊድ እሱ ሲሆን ጠባዩም ከማላዊዎቹ እምብዛም አይለይም። ወንዱ በመራቢያው ጊዜ ዳር ዳሩን፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ፣ አሸዋውን በአፉ እየዛቀ ጎድጓዳ ጎጆ ይሠራል፤ ወደዚያ የቀረበውን ወንድ ሁሉ ያባርራል። ሴቷ እንቁላሏን ጥላ በአፏ ትሰበስብና ፈቀቅ ትላለች፤ ጫጩቶቹ መዋኘት እስኪችሉ ድረስ አፏ ውስጥ ታሳድራቸዋለች። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወንዱ ወሰኑን ሲያስከብር ይውላል።

ጎረቤቶቹስ? ጣና ከ16 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ እንደነበር የሐይቁ ወለል ደለል ይመሰክራል። ከዚያ ወዲህ ውኃው ሲሞላ፣ የጢስ አባይ ፏፏቴ ከታች የሚመጣውን አሳ ስለሚያግድ፣ ነጭ አሳ የምንላቸው ዝርያዎች ለብቻቸው ተበራከቱ። የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ናገልከርከና ሲቢንግ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 15 ያህል ዝርያ ለይተው መዝግበዋል፤ ከእነሱ 8ቱ ሌላ አሳ አዳኝ ናቸው። አምባዛም አለ። እነዚህ ሁሉ ከቆሮሶ ጋር አንድ ሐይቅ ይጋራሉ፤ ቦታና ምግብ ግን ተከፋፍለዋል። ቆሮሶ ቄጤማ ባለበት ዳር ውሎ ዋቅላሚ ይበላል። ከነጭ አሳዎቹ ገሚሱ መሐል ሐይቁን፣ ገሚሱ ወለሉን ይዟል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ብዙዎቹ እንቁላል ለመጣል እንደ ጉማራና ርብ ወዳሉ ገባር ወንዞች ይወጣሉ።

ስለዚህ የጣና ሰላም የመጣው ከገር ጠባይ አይደለም፤ ተሸናፊው የሚሄድበት ስላለው ነው። ሁለት ወይፈን መስክ ላይ ቢዋጉ የተሸነፈው ሮጦ ይተርፋል፤ በረት ውስጥ ግን ይወጋል። ቆሮሶም ጠላቱን ጥቂት አባርሮ ወደ ጎጆው ይመለሳል፤ ከዚያ በላይ መከተል አያዋጣውም። የመስታወት ሳጥን ውስጥ የሚባረረው አሳ ግን ከአባራሪው ዓይን አይሰወርም፤ ስለዚህ ማባረሩ አያበቃም።

ጣና ሁለተኛ ትምህርትም አለው። በ1986 (እ.ኤ.አ.) የሞተር ጀልባና የናይለን መረብ ወደ ሐይቁ ገቡ። ነጭ አሳዎቹ በክረምት ወደ ወንዞቹ ለመውጣት የወንዞቹ አፍ ላይ ሲሰበሰቡ በመረብ ይታፈሱ ጀመር። በወንዝ የሚራቡት ዝርያዎች በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህል ቀነሱ። ለብዙ ሺህ ዓመት ቁጡው ቆሮሶ ያላጠፋቸውን አሳዎች መተላለፊያቸው ላይ የቆመ መረብ በአሥር ዓመት አመናመናቸው። የአሳን ዕጣ ከአሳው ጠባይ ይልቅ የሰው አያያዝ ወሰነው ማለት ነው።

ከዚህ ተነስተን ወደ ቤታችን ሳጥን እንምጣ። የማላዊ ሲክሊዶችን ለማኖር 200 ሊትርና ከዚያ በላይ የሚይዝ፣ ቁመቱ ሳይሆን ርዝመቱ የሚበልጥ ሳጥን ይሻላል፤ ለአሳ መሸሻው ወለሉ ነውና። ድንጋይ ከወለሉ ጀምሮ ተደራርቦ ዋሻና መጋረጃ ሊሆን ይገባል፤ አንዱ ሌላውን ባላየ ቁጥር ጠቡ ይበርዳል። ድንጋዩ በአሸዋው ላይ ሳይሆን በሳጥኑ ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ሲክሊድ አሸዋ እየዛቀ ክምሩን ሊንድ ይችላልና። ለአንድ ወንድ ሦስትና ከዚያ በላይ ሴት ቢኖር ወንዱ አንዷን ለይቶ አያሰቃይም። አዲስ አሳ ሲጨመር የድንጋዩን አቀማመጥ መለወጥ ይጠቅማል፤ የቀደሙት የያዙት ወሰን ስለሚፈርስ ሁሉም እኩል እንግዳ ይሆናሉ።

ጉፒና ወርቃማ አሳን ግን ለብቻ ማኖር ነው። የማላዊ አሳ አልካላይን የሆነ ጠንካራ ውኃና ከ24 እስከ 26 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፤ ወርቃማ አሳ ደግሞ ቀዝቃዛ ውኃ ይስማማዋል። ድንጋይ ላይ የበቀለ ዋቅላሚ የሚግጡት ምቡና የሚባሉት ዝርያዎችም ሥጋ የበዛበት ምግብ ሆዳቸውን ይነፋቸዋል።

በውጭ አገር የሚሰጥ አንድ ታዋቂ ምክር አለ፤ ሲክሊዱን ሆን ብሎ ማብዛት፣ ቁጡው አንዱን ለይቶ እንዳይጎዳ። ምክሩ ኃይለኛ ማጣሪያና የማይቋረጥ መብራት ባለበት ይሠራል። ፍኖተ ሰላምና ቡሬ ግን ከባሕር ጠለል 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው፤ እዚያ ከፍታ ላይ ውኃ የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። መብራት ሲሄድ የአየር መንፊያው ይቆማል፤ ሳጥኑ በአሳ ከታጨቀ አየር የሚያጥረው ወዲያው ነው። ስለዚህ ለእኛ አገር ሰው አሳ ማብዛቱ ቀርቶ መደበቂያ ማብዛቱ ይበጃል፤ በባትሪ የሚሠራ የአየር መንፊያ ማኖርም እንዲሁ።

ጠበኛው አሳ ከሰለቸስ? ላህና ብር ወንዞች ቅርብ ናቸው፤ ፈታምም ለቡሬ ሩቅ አይደለም፤ እዚያ መልቀቅ ቀላል ይመስላል። ደቡብ ወሎ ያለው የሐይቅ ሐይቅ ግን ያስጠነቅቃል። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ቆሮሶ ገብቶበት ከዚያ ወዲህ ውኃው አረንጓዴ እየሆነ ጥራቱ ቀነሰ፤ ተመራማሪዎች አሳው ዋቅላሚ የሚበሉትን ጥቃቅን ነፍሳት ስለለቀመ ሊሆን ይችላል ሲሉ አያይዘውታል። በቪክቶሪያ ሐይቅም ቆሮሶ በሰው እጅ ከገባ በኋላ የአገሬው የነበሩት ሁለት ዘመዶቹ ተገፍተው ሊጠፉ ደርሰዋል። ላህ ወደ ብር፣ ብርና ፈታምም ወደ አባይ ይፈሳሉና፣ አንድ ሳጥን ውስጥ ያልተቻለ አሳ ወንዝ ከገባ የሚመልሰው የለም። የማይስማማውን አሳ ለሌላ አርቢ መስጠት ወይም ለብቻው ሳጥን መለየት ነው። ሲገዙም ከዋጋው አስቀድሞ የሚጠየቀው አንድ ነገር ነው፤ ይህ አሳ ሌላውን ሲያባርር፣ ተባራሪው የት ይገባል? መልስ ከሌለ ሳጥኑ ገና አልተዘጋጀም።