ሁለት ጨረታዎች

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



በቅርቡ ከዒሻእ ሰላት በኋላ አንድ ወዳጄ ቤት ሻይ እየጠጣን ሳለ፣ በስልኩ የያዘውን የጨረታ ፊልም ከፍቶ አሳየኝ። ቦታው በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት የምትገኘው ኪሲሚ ከተማ፣ ጊዜው እ.ኤ.አ. ጥር 2019 ነው። አዳራሹ በሰው ተጨናንቋል። አጫራቹ ያለ እረፍት ቁጥር ይጠራል። መድረኩ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለባት አንዲት ነጭ መኪና ቆማለች። መጨረሻ ላይ መኪናዋ በ2.2 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠች።

እኔና ወዳጄ እኩል «ሱብሐነላህ!» አልን። ወዲያው ግን ነፍሴ ሌላ ነገር ስትል ሰማኋት፤ «ምነው የእኔ በሆነች!» የምትል ነበረች። ሚኒባስ ታክሲ ተሳፍሬ የመጣሁት ሰው ነኝ እንግዲህ።

የመኪናዋ ታሪክ እንዲህ ነው። በ1960ዎቹ አሜሪካውያን በመጠነኛ መኪና ላይ ትልቅ ሞተር እየጫኑ ለወጣቱ ይሸጡ ነበር፤ እነዚህን መኪኖች «መስል ካር»፣ ጡንቸኛ መኪና፣ ይሏቸዋል። በዚህ ሥራ ስማቸው ከታወቀ ሰዎች አንዱ፣ ቀድሞ ዶሮ አርቢ የነበረውና በ1959 የለማንን ውድድር ያሸነፈው ካሮል ሼልቢ ነው። ሼልቢ በ1967 አንዲት ፎርድ ሙስታንግ ወስዶ፣ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በለማን ድል ካደረገችው የፎርድ መኪና ጋር የሚመሳሰል ሰባት ሊትር የውድድር ሞተር አስገባላት። ስሟም «ሱፐር ስኔክ» ተባለ። ጉድይር የተባለው ኩባንያ ጎማውን ሊፈትንባት ቴክሳስ ወደሚገኘው መሞከሪያው ወሰዳት፤ እዚያም 800 ኪሎ ሜትር ያህል በአማካይ በሰዓት 228 ኪሎ ሜትር እየበረረች ጨረሰችው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ነው የሚገርመው። ሃምሳ ያህል መሰሎቿን ሠርቶ ለመሸጥ ታስቦ ነበር። ዋጋዋ 7,500 ዶላር ገደማ ሲሆን ግን «ይህማ ውድ ነው» ተባለና ነገሩ ቀረ። ብቻዋን የቀረችው በዚህ ምክንያት ነው። የዶላሩ መርከስ ቢታሰብ እንኳ ያ ገንዘብ በ2019 ከ60,000 ዶላር አይበልጥም። ታዲያ የቀረውን ሁለት ሚሊዮን ማን ጨመረው? ብረቱ አልጨመረም፤ ሞተሩም አርጅቷል። የጨመረው የሰው ዓይን ነው። አንዱ የሚፈልጋት ሌላው ስለፈለጋት ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ቀሰስ የቃሩንን ታሪክ ሲነግረን ስለ ቃሩን ብቻ አልነገረንም። ቃሩን ተውቦ ወደ ሕዝቡ ሲወጣ በመንገዱ ዳር ቆመው የእርሱን ዓይነት ሀብት የተመኙ ሰዎችንም ጠቅሷቸዋል። ምድር ቃሩንን ከነቤቱ ስትውጠው ትናንት የተመኙት እነዚያው ሰዎች ደንግጠው ሌላ ነገር መናገር ጀመሩ። እኔ ያን ሌሊት ከመንገዱ ዳር ነበርኩ። እስከ ኪሲሚ መሄድ እንኳ አላስፈለገኝም፣ የወዳጄ ስልክ በቃኝ።

ይሁን እንጂ ችኩል አንባቢ «እንግዲያው ጨረታ ሐራም ነው» እንዳይል። ሸሪዓ ለትርፍ ጣሪያ አላበጀለትም፤ ሁለት ሰዎች ወደው ከተስማሙ የዋጋው መናር ብቻውን ሽያጩን አያበላሸውም። (ገዢው ሙስሊም ቢሆንና መኪናዋን ሊነግድባት ገዝቷት ዓመት ቢሞላው ዘካዋ በዚያው ዋጋ 55,000 ዶላር ይሆናል፤ ሊነዳት ከሆነ ግን የለባትም።) ጨረታን ራሳቸው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አካሂደዋል።

አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ከአነስ ኢብኑ ማሊክ (ረ.ዐ) ባስተላለፉት ዘገባ አንድ የአንሷር ሰው ሊለምን ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጣ። ቤቱ ውስጥ ምን እንዳለው ጠየቁት። ከፊሉን የሚለብሰው ከፊሉን የሚያነጥፈው አንድ ጨርቅና ውኃ የሚጠጣበት አንድ ዕቃ ብቻ ነበረው። አስመጧቸውና በሰው መካከል አጫረቷቸው። አንዱ በአንድ ዲርሃም እወስዳለሁ አለ፤ የሚጨምር አለ ወይ ብለው ደጋግመው ጠየቁ፤ ሌላው ሁለት ሰጠ። በአንዱ ዲርሃም ለቤተሰቡ ምግብ፣ በሌላው መጥረቢያ እንዲገዛ አዘዙት። የመጥረቢያውን እጀታ በገዛ እጃቸው ገጠሙለትና እንጨት እየለቀመ እንዲሸጥ ላኩት። ሰውየው ከአሥራ አምስት ቀን በኋላ አሥር ዲርሃም ይዞ ተመለሰ።

እስቲ ሁለቱን ጨረታዎች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በዚያኛው አጫራቹ የአላህ መልእክተኛ ናቸው፣ ዕቃው ያረጀ ጨርቅ ነው፣ የዋጋው ጭማሪ አንድ ዲርሃም ናት። ያቺ አንድ ዲርሃም ግን አንድ ሰው ከልመና የወጣባት መጥረቢያ ሆነች።

እኚሁ ነቢይ (ሰ.ዐ.ወ) ጨረታ አጫርተው ሲያበቁ ነጀሽን ከልክለዋል። ነጀሽ ማለት መግዛት ሳያስብ ሌላውን ለማስወደድ ብቻ ዋጋ መጨመር ነው። በሻፊዒዮች ዘንድ ሽያጩ ይጸናል፣ ኃጢአቱ ግን በሠሪው አንገት ላይ ነው፤ ማሊኪዮች ደግሞ ሻጩ ካወቀበት ገዢው የመመለስ ምርጫ አለው ይላሉ። የሚያስደንቀው፣ በአብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች የሚሠራበት የንግድ ሕግም ሻጩ ሳያሳውቅ በሰው እጅ ዋጋ ካስጨመረ ገዢው ሽያጩን እንዲያፈርስ፣ ወይም ዕቃውን በመጨረሻው የቅን ተጫራች ዋጋ እንዲወስድ ይፈቅድለታል።

ሌላው ነገር ነውርን መሸሸግ ነው። በእነዚህ መኪኖች ንግድ ተራውን መኪና ቀብቶና አስጊጦ ብርቅዬ ነው ብሎ የሚያቀርብ አለ። ስለዚህ ገዢዎች ጎንበስ ብለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ያመሳክራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 በ3.5 ሚሊዮን ዶላር የተሸጠችውን የ1971 ፕሊማውዝ ኩዳ ዓይነት መኪና ሲመረምሩ፣ በቁጥሯ መካከል «አር» የምትል አንዲት ፊደል ይፈልጋሉ፤ ሄሚ የተባለው ትልቁ ሞተር ከፋብሪካ አብሯት መውጣቱን የምትመሰክረው ያቺ ፊደል ናት። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ እጃቸውን እህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ነጋዴው ዝናብ መትቶት ነው ሲላቸው፣ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገ ጠየቁት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳልሆነ ተናገሩ።

ይህንን ሁሉ ለወዳጄ ሳብራራ «አንተስ ቮልስህን ስትሸጥ?» አለኝ።

አሮጌ ቮልስ ነበረችኝ። ከሦስት ዓመት በፊት ስሸጣት ዘይት ትበላ እንደነበር አውቃለሁ። ደላላው በመከረኝ መሠረት ወፍራም ዘይት ሞላሁባት፤ የዛገውን ወለልም በስቱኮ አስደፍኜ አስቀባሁት። ገዢው የሰፈራችን ጡረተኛ ነበሩ። ጢስ አላዩም፣ እኔም አልነገርኳቸውም። ጎንበስ ብለው ቁጥር የሚያመሳክሩ ሰው አልነበሩም፤ የመስጊድ ሰው ነው ብለው አመኑኝ።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። በማግስቱ ከፈጅር በኋላ በመስጊዱ በር ጠብቄ ነገርኳቸው። «ልጄ፣ በሁለተኛው ወር አውቄዋለሁ» አሉኝ። ለምን አልጠየቁኝም ብላቸው ዝም አሉ። ሞተሩን ለማስጠገን ያወጡትን ልክፈልዎት ስላቸው መጀመሪያ እምቢ አሉ። ቀጥሎ ግን አሰብ አደረጉና ደረሰኞቹን ፈልገው ለጁሙዓ ይዘው እንደሚመጡ ነገሩኝ።