የመዛኙ ደብተር

ውድቅዳቂ ብረት እያቀለጠ የግንባታ ብረት የሚያመርት አንድ ባለጸጋ ነበር። በሩ ላይ መዛኝ አስቀምጦ የሚገባውንም የሚወጣውንም ያስመዝናል። ከቆራሌው የተገዛ አሮጌ ቆርቆሮ፣ የተጨማደደ የመኪና አካል፣ የአጥር ሽቦ፣ ሁሉም በኪሎው ደብተር ላይ ይሰፍራል።

ሒሳቡ ግን ገጥሞ አያውቅም። አንድ ቶን ብረት በወጣ ቁጥር ከ15 እስከ 20 ኪሎ የሚሆን አቧራ ከጭሱ ጋር ወጥቶ በማጣሪያው ከረጢት ይቀራል፤ እሱም ሳይመዘን ሌሊት ሌሊት ወንዝ ዳር ካለው ገደል ይደፋል። መዛኙ "ምን ብዬ ልጻፈው ጋሼ?" ሲል፣ ባለጸጋው "ጠፋ በለው" ይለዋል።

አንድ ጠዋት ከወንዙ በታች ጎመን የሚያለሙ አሮጊት መጡ። የነጠላቸውን ቋጠሮ ፈትተው ከዱቄት የላመ ቡናማ አቧራ ሚዛኑ ላይ ዘረገፉ።

"ልጄ፣ የናንተ ነው መሰለኝ። መዝነህ ጻፈው።"

"እማማ፣ ጠፋ ተብሎ ተጽፏል እኮ።"

"የት ይጠፋል? እኔ ጓሮ ነው ያለው!"

መዛኙ አፈረ። አቧራውን ወስዶ አስመረመረ፤ ከአምስት እጅ አንዱ ዚንክ ሆኖ ተገኘ። ቆርቆሮን ከዝገት የሚጠብቀው ልባሱ ዚንክ ነው። ብረት ሊቀልጥ 1,500 ዲግሪ ገደማ ሲፈልግ ዚንክ በ907 ይተናል። ዘመኑን ሁሉ ብረቱን ሲጠብቅ የኖረው፣ እሳት ሲመጣ ቀድሞ ይወጣል፤ እርሳስና ካድሚየምም ይከተሉታል። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 አቧራውን ከአደገኛ ቆሻሻዎች መዝገብ ያስገባችው በነዚሁ መርዞች ምክንያት ነው።

ባለጸጋውን ጨካኝ አልለውም። ጓሮው ከወንዙ በላይ ስለነበር ጉዳቱ አልደረሰበትም። ነገር ግን የራስን ትርፍራፊ በሰው ደጅ ደፍቶ "ጠፋ" ማለት እኔ ዘንድ ከሌብነት አይለይም።

መፍትሔው አዲስ አልነበረም። ጀርመኖች እ.ኤ.አ. ከ1920ዎቹ ጀምሮ የሚያውቁት ነው፦ አቧራው ከከሰል ጋር ተቀላቅሎ በሚሽከረከር ረጅም እቶን ከ1,000 ዲግሪ በላይ ይጋላል፤ ዚንኩ ዳግመኛ ይተናል፤ ከጭሱ ሲያዝ ከግማሽ በላዩ ዚንክ የሆነ ዱቄት ይወጣል። ተጣርቶም አዲስ ቆርቆሮ ያለብሳል። ባለጸጋው እቶኑን ተከለ፣ ዱቄቱን ሸጠ፤ በመጀመሪያው ትርፍ ደስ ብሎት ለአሮጊቷ ገንዘብ ላከ።

አሮጊቷ ገንዘቡን መለሱ። "እስከ ዛሬ የተደፋውስ?"

ከጭቃ ጋር ተቀላቅሎ ወንዝ የወሰደውን የሚለቅም እቶን የለም። ገደሉ ውስጥ የቀረው ግን ክረምት ሳይገባ ተቆፍሮ ወጣ። እርሳስ ከጓሮ አፈር በቀላሉ አይለቅምና፣ ባለጸጋው ከወንዙ በላይ ካለው መሬቱ ቆርሶ ለጎመናቸው ሰጣቸው።