ቤተሰብ ለመናፈስ ሲወጣ እናት የት ናት?

በአርሲ ምድር ቤተሰብ ተሰባስቦ መንገድ የሚወጣባቸው ምክንያቶች የታወቁ ናቸው። ለቅሶ አለ፣ ሠርግ አለ፣ ሐኪም ቤት አለ፣ ገበያ አለ፣ ዒድ ሲደርስ ወላጅ መጠየቅ አለ። አባቶቻችን ባላ በትራቸውን ይዘው እስከ ድሬ ሼህ ሁሴን ድረስ በእግራቸው ይጓዙ እንደነበር ሁላችንም ስንሰማ አድገናል። (የዚያራውን ሸሪዓዊ ፍርድ ለዑለሞቻችን ልተወውና ለጊዜው ስለ ጉዞው ብቻ ላውራ።) እንግዲህ መንገድ የማያውቅ ሕዝብ አይደለንም። ያልለመድነው ሌላ ነገር ነው፤ የሞተም የሚያገባም ሳይኖር፣ ምንም ጉዳይ ሳይኖረን፣ ሚስትና ልጆችን ይዘን ሄደን የአላህን ፍጥረት አይተን መመለስ። ይህን ያደረገ ሰው በሰፈሩ "ገንዘቡን የሚያደርግበት አጣ" ይባላል። ታዲያ ጥያቄው ይህ ነው፤ ቤተሰብን ይዞ ለመናፈስ መውጣት ብክነት ነው ወይስ ቤተሰቡ በእኛ ላይ ያለው ሐቅ?

ነገሩን ከኦጎልቾ ልጀምረው። ኦጎልቾ የዝዋይ ዱግዳ ወረዳ ከተማ ናት፤ ከአሰላ ወደ ምዕራብ ቁልቁል ሲወረድ፣ ከዝዋይ ሐይቅ በስተምሥራቅ ባለው ቆላማ ሜዳ ላይ ትገኛለች። ስለ ብሔራዊ ፓርክ ሲነሳ "ኦጎልቾን ምን አገባት?" የሚል ይኖር ይሆናል። ሆኖም ከተማዋ የተቀመጠችው በሁለት ፓርኮች መካከል ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸውም ውሃ ነው። ከበላይዋ የጭላሎ፣ የጋለማና የካካ ተራሮች አሉ። ከ4,000 ሜትር የሚያልፍ ከፍታ ያላቸው እነዚህ ተራሮች ዛሬ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ክፍሎች ናቸው። ከእነርሱ የሚወርደው ውሃ ተሰባስቦ የከታር ወንዝ ይሆንና በኦጎልቾ አካባቢ አልፎ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ከዝዋይ የሚተርፈው ደግሞ በቡልቡላ ወንዝ አድርጎ ወደ አብያታ ይወርዳል። አብያታ ከጎረቤቱ ከሻላ ጋር ሆኖ የአብያታ-ሻላ ሐይቆች ብሔራዊ ፓርክ ነው፤ ስፋቱ 887 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ሲሆን ሲከለል ከግማሽ በላዩ ውሃ ነበር። የኦጎልቾ ገበሬ ሽንኩርትና ቲማቲሙን የሚያጠጣበት ውሃ ከአንዱ ፓርክ ተነስቶ ወደ ሌላው ፓርክ የሚሄድ መንገደኛ ነው ማለት ነው። የውሃውን መነሻና መድረሻ በዓይኑ ያየ ልጅ ግን በከተማይቱ ስንት ይገኛል?

ምክንያቱ ድህነት ብቻ ነው ቢባል አልስማማም። ለሠርግ ሚኒባስ የሚከራይ፣ ለለቅሶ ድንኳን የሚያስተክል ቤት ለአንድ ቀን ጉዞ የሚሆን ገንዘብ ሙሉ ለሙሉ አጥቶ አይደለም። ይበልጥ የሚከብደው የሽማግሌዎቹ ሙግት ነው። "ከብት ስጠብቅ ያደግሁበትን ዱር አሁን ከፍዬ ልየው?" ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እርሳቸው ያደጉበትን ዱር የልጅ ልጃቸው አያውቀውም እንጂ! ልጁ የደጋ አጋዘንን የሚያውቀው፣ ካወቀውም፣ ዛሬ ገበያ ላይ እምብዛም ከማይታየው የ10 ሳንቲም ሽራፊ ላይ ነው። ብዙዎች "ኒያላ" የሚሉት ይህ እንስሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም። በአፍሪካ ካሉት ትልልቅ የአጋዘን ዘሮች መካከል ሳይንስ በመጨረሻ መዝግቦ ያወቀው እርሱን ሲሆን፣ ዘመኑም እ.ኤ.አ. 1910 ነው። ለምዝገባው መነሻ የሆነውን እንስሳ አይቮር በክስተን የሚባል እንግሊዛዊ መኮንን ከሁለት ዓመት በፊት አድኖ ያገኘው የት ይመስላችኋል? ከዝዋይ ሐይቅ በደቡብ ምሥራቅ ካሉት ተራሮች ላይ! ይህ ማለት ኦጎልቾ ላይ ቆሞ ወደ ላይ ቀና ያለ ሰው ከሚያየው አቅጣጫ ማለት ነው። የእኛ ሰው ቀድሞ ያውቀው እንደነበር አያጠራጥርም። ነገር ግን ስሙ የተጻፈው ከባሕር ማዶ መጥቶ ባየው ሰው ስም ነው። ሄዶ ማየት ዋዛ አለመሆኑን ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ምሳሌ አላገኘሁም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ማየት ጥሩ ነው ብለን ብንስማማ እንኳን የቤተሰብ ሽርሽር የምንለው ነገር አሠራሩ ራሱ ሊጠየቅ ይገባል። አንድ ቤተሰብ ወደ ሻላ ወይም ወደ ላንጋኖ ዳር ሊወጣ ነው እንበል። ጉዞው ለእሁድ ይቆረጣል። እናትየው ከዓርብ ጀምራ ትጋግራለች፣ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ ሥጋ ትዘለዝላለች። እሁድ ሌሊት ከሁሉ ቀድማ ትነሳለች፤ ምንጣፉን፣ ከሰሉን፣ ጀበናውን፣ ስኒውን፣ ድስቱን፣ የሕፃኑን ልብስ ትጭናለች። ሐይቁ ዳር ሲደርሱ አባትየው ጋቢውን ደልድሎ ጋደም ይላል፤ "እፎይ፣ አየሩ ደስ ሲል!" ይላል። እርሷ ነፋሱ እሳቷን እንዳያጠፋባት ከለላ የሚሆን ቁጥቋጦ ትፈልጋለች። ፊቷ ወደ ከሰሉ ስለሆነ ሐይቁ ከጀርባዋ ነው። ወጡ ይሞቃል፣ ቡናው ይፈላል፣ ሕፃኑ ይጮኻል፣ አባትየው "ውሃ አቀብሉኝ" ይላል። ማታ ቤት ሲገቡ ሁሉም ደክሞት ይተኛል፤ ድስቱን የምታጥበው እርሷ ናት። ለእርሷ ሽርሽር ማለት ወጥ ቤቷን ለአንድ ቀን ወደ ሐይቅ ዳር ማዛወር ማለት ነው።

ይህን ቤተሰብ "ተናፈሰ" እንበለው? እኔ አልልም። ባልየው ተናፍሷል፤ ልጆቹም በመጠኑ። "እርሷ እኮ ሲበሉላት ደስ ይላታል" የሚል ወንድም እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይላት ይሆናል። ግን ጠይቀናት እናውቃለን? የሌላውን ደስታ ራሳችን ገምተን፣ ግምታችንም ሁልጊዜ ለእኛ የሚመች ሆኖ ሲገኝ ልንጠራጠር ይገባናል።

የሰልማን አል-ፋሪሲንና የአቡ ደርዳእን ታሪክ አብዛኞቻችን በኹጥባ ሰምተነዋል። ታሪኩ የሚነገረው ሰው ለጌታው እንዳለበት ሁሉ ለነፍሱና ለቤተሰቡም ሐቅ እንዳለበት ለማስረዳት ሲሆን፣ ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) ሰልማን እውነት መናገሩን አረጋግጠዋል። እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን የታሪኩ መነሻ ነው። ሰልማን የወንድሙን ቤት እንደረገጠ በመጀመሪያ ልብ ያለው የአቡ ደርዳእን ጾም ወይም የሌሊት ሶላት አልነበረም። ልብ ያለው የባለቤቱን የእሙ ደርዳእን መጎሳቆል ነው! ቤቱ ውስጥ አንድ ነገር መጉደሉን ያወቀው በእርሷ ነው። ዛሬም አንድ ቤተሰብ ዐርፎ እንደተመለሰ ለማወቅ ለሚፈልግ ሰው የአባትየውን ወሬ ከመስማት የእናትየውን ፊት ማየት ይበጃል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው በጉዞ ላይ ሳሉ ባልደረቦቻቸውን ወደፊት እንዲቀድሙ አድርገው ከባለቤታቸው ከዓኢሻ ጋር ሩጫ መወዳደራቸው የታወቀ ነው። አስተውሉ፤ ለጨዋታው ሰው የማያይበት ቦታ አመቻችተዋል። "ሴቶቻችንን ይዘን ሕዝብ መካከል እንዴት እንቀመጣለን?" ለሚሉ ወንድሞች መልሱ ከዚሁ ይገኛል። ሴቶቹን ቤት ዘግቶባቸው መሄድ መፍትሔ አይሆንም፤ ገለል ያለ ቦታ መፈለግ ነው። ፓርክ ደግሞ በቦታ አይታማም።

እናቶችንም ቢሆን ዝም ብዬ አላልፍም። ወንዱ ቡና ላፍላ ቢል "ሰው ምን ይለኛል?" ብላ ጀበናውን የምትነጥቅ አለች። ዳቦና ሙዝ፣ ቴምርና የተቀቀለ እንቁላል ይዞ መውጣት የስስት የሚመስላት አለች። እረፍት ለወንዱ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም። ያልሠራችበት ቀን ያፈረችበት ቀን የሚመስላት ሴት፣ እጇን አጣጥፋ ለሁለት ሰዓት ውሃ ማየትን እንደ ማንኛውም ሙያ ልትለምደው ይገባል። መጀመሪያ ላይ ያስጨንቃል።

ማየትም ይለመዳል። ፓርክ ሲኒማ አይደለም፤ ከፍሎ ለገባ ሁሉ በሰዓቱ ትርዒት አይጀመርለትም። መኪናውን አቁሞ፣ ዘፈኑን እስከ ጥግ ከፍቶ፣ "የታሉ እንስሶቹ?" የሚል ሰው ሰጎንና ከርከሮ አይቶ ይመለሳል። (ከርከሮ ሥጋው ሐራም ቢሆንም ማየቱ ሐራም አይደለምና ልጆቹን "ፊታችሁን አዙሩ" ማለት አያስፈልግም።) በባሌ ተራሮች፣ ዲንሾ ላይ፣ በማለዳ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በእግሩ የሚሄድ ሰው የደጋ አጋዘንን ከቅርብ ያያል። ይህ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት መመዝገቡ ይታወሳል። ከአሰላ ተነስቶ በበቆጂ፣ በዶዶላና በአዳባ በኩል የሚደረሰው ዲንሾ ለአርሲ ሰው የጎረቤት ቤት ነው።

እዚህ ላይ ነው "ከፍዬ ልየው?" ያሉት ሽማግሌ የሚያስፈልጉን። የልጅ ልጃቸው ጅባራንና አስታን አይለይም፤ ኮሶንና ዝግባን አይለይም። የእግር ዱካ አይቶ ምን እንዳለፈ፣ መቼም እንዳለፈ አይናገርም። እርሳቸው ሁሉንም ያውቃሉ፤ በአማርኛ ባይሆን በኦሮምኛ ያውቁታል። ከተማ ውስጥ ስልክ መነካካት አቅቷቸው በልጅ የሚታዘዙ ሰው፣ ጋለማ ላይ ሲደርሱ መምህር ይሆናሉ። ልጅ አያቱን በዚህ መልኩ አይቶ ሲመለስ ያለ ምክር ያከብራቸዋል። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ፤ ውሻውን ቤት ትተውት ይምጡ። ከኢትዮጵያ ተራሮች በቀር የትም የማይኖረውና አድጎ ለመራባት የደረሰው ቁጥሩ ከ500 በታች ሆኖ የሚገመተው ቀይ ቀበሮ ትልቁ ጠላቱ ከውሻ የሚተላለፍ የእብደት በሽታ ነውና።

ሌላው ከባድ ነገር ደስታችን በማን ኪሳራ ነው የሚለው ነው። በአብያታ-ሻላ ፓርክ ክልል ውስጥ ሰው ይኖራል፣ ያርሳል፣ ከብት ያሰማራል፤ እንግዳ ሳይሆኑ የእኛው ዘመዶች ናቸው። የግራሩ ደን ተመናምኗል። የአብያታ ሐይቅ በመስኖው፣ በሶዳ አሽ ማምረቻውና በዝናቡ መዋዠቅ ምክንያት ወደ ኋላ ሸሽቶ ጨዋማነቱ በመጨመሩ ዓሣው ጠፍቷል፤ በሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፍሉት ይብራዎችም ምግባቸውን ሌላ ቦታ ለመፈለግ ተገደዋል። ከላይ የጠቀስኩት የከታር ውሃ እግረ መንገዱን እየተቀነሰ ነው የሚደርሳቸው። ይህን ሁሉ ለተናፋሽ መንገር ደስታውን ማደፍረስ ነው የሚል ይኖራል። እኔ ግን ቲማቲም የሚያጠጣ የኦጎልቾ አባወራ ልጆቹን የአብያታ ደረቅ ዳርቻ ላይ አቁሞ "የእኛ ውሃ እዚህ ነበር የሚደርሰው" ቢላቸው፣ ቀኑ የተበላሸ አይመስለኝም። የሚያሳፍረው ሌላው ነው፤ ቀኑን ሙሉ በፓርኩ ውስጥ ተናፍሶ፣ ማታ ወደ ቤት ሲመለስ አስፋልቱ ዳር ከተደረደረው ከሰል ሁለት ጆንያ ገዝቶ በመኪናው ላይ የሚጭነው! ከሰል ሻጩን ብቻ መውቀስ ይቀለናል፤ እርሱ ግን የልጆቹን እራት እየፈለገ ነው። ያን ገንዘብ አስጎብኚ ለሚሆን፣ ፈረስ ለሚያከራይ፣ ወተትና ማር ለሚሸጥ የአካባቢው ልጅ መስጠት ይቻላል።

ባሌ ሩቅ ነው፣ ጋለማ ብርድ ነው ለሚል ቤተሰብ ዴራ-ዲልፈቃር አለ። እርሱም የአርሲ ተራሮች ፓርክ አንዱ ክፍል ሲሆን ከአዳማ ወደ አሰላ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ዴራ ከተማ አጠገብ ነው፤ የቆላው አጋዘን ይገኝበታል። ክረምቱ አልፎ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ፣ ሱብሒ ተሰግዶ እንደተወጣ ፀሐይ ሳይበረታ መድረስ ነው። ምሳው ዳቦ ይሁን፣ ሻዩ በፔርሙዝ ይያዝ፤ ቀጂው አባትየው ይሁን። እናትየው ድንጋይ ላይ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ኮረብታው አዙራ፣ ከልጆቹ ቀድማ አጋዘኑን ብታይ "ዝም በሉ፣ ያውላችሁ!" የምትለው እርሷ ትሁን።