ባዶው ሰዓት

ሰው ከቁጥር ጋር የተዋወቀው ከብቱን ወደ በረት ሲያስገባ ነው ለማለት ይቻላል። ያ ቆጠራ ግን የባለቤት ቆጠራ ነበር፤ የጎደለችውን ጊደር የሚፈልጋት የእርሱ ስለሆነች ነው። የማንም ያልሆነውን፣ ተቆጥሮም ወደ ማንም በረት የማይገባውን ፍጡር መቁጠር ሌላ ጥያቄ ያስነሣል። ቆጣሪው የሚቆመው ለማን ነው? ቢዋሽስ ማን ይጠይቀዋል?

ጥያቄውን በረቂቁ ከማውጠንጠን ይልቅ በቀይ ባሕር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ከኤላት ከተማ በስተ ምዕራብ ባሉት ራቁት ተራሮች ላይ የሚከናወነውን ሥራ መመልከት ይሻላል። በአፍሪካ የከረሙት ንስሮች፣ ጭልፊቶችና ጥንብ አንሣዎች ወደ መራቢያ አገራቸው ሲመለሱ ከመሬት በሚነሣው ሙቅ አየር ላይ ተንሳፍፈው ይጓዛሉ። ሰፊ ባሕር እንዲህ ያለ ሽቅብ የሚያነሣ አየር ስለማይሰጣቸው ውኃውን ይሸሻሉ፤ ስለዚህም እልፍ አእላፉ በጠባቡ የየብስ መተላለፊያ ላይ ይጠራቀማል። በቅድሚያ፣ ገና በየካቲት፣ የሩሲያና የካዛክስታን ሣር ሜዳ ንስር ይመጣል፤ በሚያዝያ መጨረሻ ደግሞ የተርብ እጭ የሚመገበው ጭልፊት ይጎርፋል። በ1985 ጸደይ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በዚያ ሥፍራ የተቆጠሩት አዳኝ አሞሮች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበሩ።

አሞሮቹ በሙቁ አየር ውስጥ እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ሲወጡ አይቆጠሩም፤ አንዱ በሌላው ላይ ይደራረባልና ዓይን ይታለላል። ቆጣሪው የሚጠብቀው ከከፍታው ደርሰው፣ ክንፋቸውን ዘርግተው በሰልፍ ወደ ሰሜን ሲንሸራተቱ ነው። ያን ጊዜ በአውራ ጣቱ የመቁጠሪያዋን መሣሪያ እየተጫነ አንድ በአንድ፣ ጎርፉ ሲበረታም አሥር በአሥር ይለቅማቸዋል። በመዝገቡ ላይ እያንዳንዱ ሰዓት የራሱ መስመር አለው። አንዳችም አሞራ ያላለፈበት ሰዓት እንኳ አይዘለልም፤ ዜሮ ይጻፍበታል።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሚሊዮኑ ሳይሆን ይህች ዜሮ ናት። ብዙ ያየ ሰው ብዙ አየሁ ብሎ ቢጽፍ ምን ያስመሰግነዋል? ከንጋት ጀምሮ በፀሐይ ሲጠበስ የቆየ፣ ሰማይ ሰማይ ሲያይ ዓይኑ እንባ ያቀረረ ሰው ግን የድካሙ ዋጋ «ምንም» መሆኑን በገዛ እጁ ሲጽፍ ምስክር የለውም። ሦስት ንስር ብሎ ቢጽፍ ንስሮቹ አይከሱትም።

ይህን የምለው ከንጽሕና ተነሥቼ አይደለም። በወጣትነቴ፣ በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ፣ በአንዲት የገጠር ጣቢያ ሳስተምር፣ አዝመራ በደረሰበት ሳምንት ከዳሱ የተገኙት 11 ሰዎች ነበሩ። በመዝገቡ ላይ 34 ጻፍኩ። ማንም አላዘዘኝም። 11 ብሎ መጻፍ ገበሬዎቹን ማሳጣት፣ እኔንም ማሳነስ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው የበደልኩት ራሳቸውን ገበሬዎቹን ነው። እውነተኛው ቁጥር ተጽፎ ቢሆን ኖሮ «ትምህርቱ ስለምን ከአጨዳ ጋር ተጋጨ?» የሚል ሰው ሊነሣ ይችል ነበር፤ 34 ግን ምንም የሚያስጠይቅ ነገር የለውም።

ከዚህም የሚከፋው፣ የሐሰት ቁጥር የሚጽፍ ሰው ወደፊት ማንን እንደሚያሳስት አለማወቁ ነው። ወይዘሮ ሮዛሊ ኤጅ በ1934 በአሜሪካ፣ በፔንሲልቫንያ፣ ተኳሾች ለጨዋታ ብለው ጭልፊት የሚፈጁበትን ተራራ ተከራይተው ተኩሱን አስቆሙ። ጠባቂ ሆነው የተቀጠሩት ሞሪስ ብራውን በየዓመቱ መፀው ወደ ደቡብ የሚወርዱትን አሞሮች መቁጠር ጀመሩ። ዲዲቲ ያን ጊዜ በእርሻ ላይ አይረጭም ነበር፤ ቆጣሪውም ስለ መርዝ ማስረጃ እሰበስባለሁ ብለው አላሰቡም። ሬቸል ካርሰን በ1962 «ዝምተኛው ጸደይ» የተሰኘውን መጽሐፋቸውን ሲያሳትሙ ግን ያ መዝገብ አንደበት አገኘ። ከ1935 እስከ 1939 ከታዩት ራሰ ነጭ ንስሮች ከመቶ 40 ያህሉ ራሳቸው ገና ያልነጣ ለጋዎች ነበሩ፤ ከ1955 እስከ 1959 ግን ከመቶ 20 ብቻ። አሮጌዎቹ ንስሮች መብረራቸውን ስላላቋረጡ ላይ ላዩን ለሚያይ ሰው ሰማዩ አልጎደለም ነበር።

ቆጠራ ብቻውን አያድንም የሚል ይኖራል፤ እውነት አለው። በፖርት ሱዳን አካባቢ በ1950ዎቹ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር ነጭ ጥንብ አንሣዎችን ይገድል እንደነበረ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ሬሳቸው ተቆጥሮ ታውቋል። መስመሩ የተቋረጠው በ2014 ነው። ሠላሳ ዓመት ያህል! በዚያ መንገድ ከሚያልፉት መካከል በአፋር የሚከርሙ ይገኛሉ። ቁጥሩ አልዋሸም፤ ተሸክሞት የሚሄድ ሰው አጥቶ ቆየ እንጂ። ጥፋቱን ከቆጣሪው ትከሻ ላይ ለመጫን አልደፍርም፤ ነገር ግን ቆጥሬያለሁና ድርሻዬን ጨርሻለሁ ብሎ መቀመጥ ይፈቀድለታል ወይ የሚለው ጥያቄ አሁንም አይለቀኝም።

የሣር ሜዳው ንስር ከ2015 ጀምሮ ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት አሞሮች ተርታ ተመዝግቧል። በእኛ ደጋ ከሚከርሙት አንዱ በበጋው መገባደጃ ወደ ሰሜን ተነሥቶ በኤላት ተራራ ላይ ቢያልፍ አንድ አውራ ጣት አንድ ጊዜ ይጫናል። ካላለፈም የዚያ ሰዓት መስመር ይሞላል።