ዕቃውን ወዶ እጁን መናቅ

እኛ ተማሪዎች ሰሞኑን የአሮጌ ዕቃ ወዳጅ ሆነናል። የአያቶቻችን መሶብ ከቆጥ ወርዶ ጥግ ይዟል፤ ሰፌዱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ አንገቷ የተሸረፈ እንስራም የአበባ ማስቀመጫ ሆናለች። መቼስ ውበት አላቸው፤ እሱን አንክድም። ስንደዶና አክርማ ለቅሞ፣ አለላውን ቀለም ነክሮ፣ በወስፌ እየወጉ አንድ መሶብ መጨረስ ስንት ቀን ይፈጃል!

ታዲያ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው። ዕቃውን እየወደዱ የሠራውን እጅ መናቅ ይቻላል ወይ?

እንዴት አይቻል! አገራችን ስትችለው ኖራለች። ስፌት የየቤቱ ሴት ሙያ ስለሆነ አላስነቀፈም። ሸክላው፣ ብረቱና ሽመናው ግን ሌላ ነው። በሸክላ ሠሪዋ ድስት ወጡን የሠራ እሷን ቡዳ ብሏታል፤ ማረሻውን የቀጠቀጠለትን ጠይብ ሌሊት ጅብ ይሆናል ብሎ ፈርቶታል፤ ሸማኔውን ቁጢት በጣሽ እያለ የሸመነለትን ጋቢ ተከናንቧል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። አዋጁ መቶ ዓመት አልፎታል፤ ስድቡ ግን ዛሬም ለጋብቻ ዘር ሲቆጠር በሹክሹክታ ይሰማል።

አንዳንድ ጓደኞቻችን "ይኼ እኮ ያለፈ ነገር ነው፤ እኛ እንዲያውም ባህሉን እያከበርን ነው" ይሉናል። ክብሩ ለማን እንደደረሰ እንይ እንጂ። እንስራ የምናደንቀው እኛ በጀርባችን ውኃ አልቀዳንባትም። ፕላስቲክ ጀሪካን ሲመጣ ሸክሙ የቀለላቸው እናቶች እንስራ ናፈቀን ሲሉ አልሰማንም።

ደግሞስ ሥራው መቼ አለፈና? የኤሌክትሪኩ ምጣድ እንኳ ፊቱ ሸክላ ነው። የቀጨኔ ሴቶች ዛሬም ጭቃ ያቦካሉ፣ በእጃቸው ያበጃሉ፣ ጭሱን እየዋጡ ይተኩሳሉ። እኛ ምጣዱን በጎመን ዘር አሟሽተን እንጀራችንን እንጋግራለን። የሬዲዮናችንን ፋብሪካ ስም እናውቃለን፤ የምጣዳችንን ሠሪ ስም ግን ጠይቀን አናውቅም።

ዋጋ ላይማ አያድርስ ነው። ከጌጣጌጥ መደብር ጀበና ስንገዛ የተጠየቅነውን ከፍለን እንወጣለን ("አንቲክ" ተብሏላ!)። ከሠሪዋ ጋር ሲሆን በአምስት ብር እንጨቃጨቃለን። ጀበናውን ከፍ አድርገን በጣታችን መታ መታ እናደርጋለን፤ ድምፁ ካላማረን እንመልስላታለን። እሳቱ የሰነጠቀው ሁሉ ኪሳራው የእሷ ነው፤ ጭቃውም፣ ማገዶውም፣ የዋለችበት ቀንም።