ስሙ የማን ነው? ስፌቱስ?

በኒውዮርክ ከተማ፣ ጥቁሮች በብዛት በሚኖሩበት በሐርለም 125ኛ ጎዳና ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 አንድ የልብስ ስፌት ቤት ተከፈተ። ባለቤቱ ዳንኤል ዴይ ይባላል። ሰፈሩ የሚያውቀው ግን «ዳፐር ዳን» በሚለው ስሙ ነው። በወጣትነቱ በዳይስ ቁማር የኖረ፣ የልብስ ሙያን ትምህርት ቤት ገብቶ ያልተማረ ሰው ነበር። ሱቁ ሌሊትም አይዘጋም። በስፌት መኪናዎቹ ላይ ተቀምጠው ከሚሰፉለት መካከል ከሙስሊሟ ሴኔጋል ተሰደው የመጡ ልብስ ሰፊዎች ይገኙበታል።

ሰውየው የጉቺን፣ የሉዊ ቪቶንን፣ የፌንዲን ዓርማ በቆዳ ላይ እያተመ ካፖርትና ጃኬት ያሰፋ ነበር። የመኪና ወንበር ሳይቀር በዓርማ ያለብስ ነበር። ልብ በሉ! ሉዊ ቪቶን በዚያን ጊዜ የሚታወቀው በሻንጣና በቦርሳ እንጂ በልብስ አልነበረም። የመጀመሪያውን የልብስ ስብስብ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። ስለዚህ ዳፐር ዳን የኩባንያውን ልብስ አልቀዳም፤ የሚቀዳ ልብስ አልነበረምና። የወሰደው ስሙን ነው።

ደንበኞቹ ዘፋኞች፣ ቦክሰኞች፣ ሯጮች፣ እንዲሁም (ይህን መሸሸግ አያስፈልግም) አደንዛዥ ዕፅ ነጋዴዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1988 ማይክ ታይሰን ከሌላ ቦክሰኛ ጋር በዚሁ ሱቅ ደጃፍ በሌሊት በመደባደቡ የቤቱ ወሬ በጋዜጣ ወጣ። ከዚያ በኋላ የኩባንያዎቹ ጠበቆች ሱቁን በተደጋጋሚ እየፈተሹ ዕቃ ይወርሱ ጀመር። በመጨረሻም እ.ኤ.አ. በ1992 በፌንዲ ክስ ምክንያት ተዘጋ። ያኔ ከፌንዲ ጠበቆች አንዷ የነበሩት ሶንያ ሶቶማዮር ዛሬ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኛ ናቸው።

ለመሆኑ ይህ ሰው ሌባ ነው ወይስ የጥበብ ሰው? የሥነ ጥበብ ሊቃውንት ነን የሚሉት መልስ አላቸው። አንዲ ዋርሆል እ.ኤ.አ. በ1962 የካምቤልን የሾርባ ጣሳ 32 ጊዜ ሥሎ የጥበብ ሥራ ተብሎለታል፤ ዳፐር ዳንም ዓርማን ከቦታው አንስቶ ሌላ ቦታ በማኖር ስለ ክብርና ስለ ገንዘብ ጥያቄ አንሥቷል ይላሉ። ይህን ክርክር ሰምቼ አልረካሁም። ጥያቄ ማንሳት መልካም ነው፤ ይሁንና ጃኬቱ በገንዘብ የተሸጠ ዕቃ ነው። በገበያ ላይ የዋለ ነገር ሁሉ የገበያ ሕግ አለው።

የገበያውን ሕግ ከራሳችን ምንጭ እንይ። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በመዲና ገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ቢያስገቡ ከታች ርጥብ አገኙ። ነጋዴው ዝናብ እንደመታው ቢነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግኸውም ብለው ወቀሱት። ጥፋቱ የእህሉ መርጠብ አልነበረም፤ መደበቁ ነው። በዚህ ሚዛን ዳፐር ዳን ገዢውን አላታለለም። ወደ 125ኛ ጎዳና የመጣ ሰው ጃኬቱ ከጣሊያን ወይም ከፈረንሳይ እንዳልመጣ ያውቃል፤ የመጣውም የሐርለሙን ሥራ ፈልጎ ነው።

ግን ሐቅ የገዢ ብቻ አይደለም። የእስልምና ትብብር ድርጅት የፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የንግድ ስምና ምልክት በሸሪዓ የተጠበቀ የባለቤቱ መብት ነው፣ መጣስ አይፈቀድም ሲል ወስኗል። ታይሰን ሐርለም ውስጥ ከተደባደበ አራት ወር በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ያለ ፈቃድ ዓርማውን ማተሙ ስሕተት ነበር ማለት ይኖርብናል። «ቢጠይቅስ ይፈቅዱለት ነበር?» የሚል ይኖራል። አይፈቅዱለትም ነበር ብዬ እገምታለሁ። ነገር ግን ያልተሰጠኝን ልውሰድ የሚል ፊቅህ አላውቅም።

ታሪኩ እዚህ ቢያበቃ ፍርዱ ቀላል ነበር። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2017 ጉቺ ፍሎረንስ ላይ ባቀረበው ትርኢት አንድ እጅጌው እንደ ፊኛ የተነፋ ጃኬት ታየ። ዳፐር ዳን እ.ኤ.አ. በ1989 ለኦሎምፒክ ሯጯ ለዳያን ዲክሰን የሰፋላት ጃኬት ነበር፤ የሉዊ ቪቶን ዓርማ በጉቺ መተካቱ ብቻ ነው ልዩነቱ። ሯጯ የራሷን ፎቶ አውጥታ ባለሙያው እንዲመሰገን ጠየቀች፤ ብዙ ሰውም ጮኸ። ጉቺ ሰውየውን ለማክበር ነው አለ። ቆይቶም ተስማሙና እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ዳፐር ዳን በጉቺ ጨርቅና በጉቺ ፈቃድ ሐርለም ውስጥ ስፌት ቤት ከፈተ።

«ያው እጅ፣ ያው ዓርማ፤ ልዩነቱ አንዲት ወረቀት ናት» ብሎ የሚያላግጥ አለ። ወረቀቷን አልንቅም። ኒካሕንና ዝሙትን የሚለየውም ውል ነው። እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። የአሜሪካ ሕግ ዓርማን አጥብቆ ይጠብቃል፤ የልብስን ቅርፅ ግን እምብዛም አይጠብቅም። ስሙን የወሰደው ሱቁን አጣ። እጅጌውን የወሰደውን ግን ያስጨነቀው ሕጉ ሳይሆን የሕዝብ ጩኸት ነው። ስም ያለው ስሙን በዳኛ ያስከብራል፤ እጅ ብቻ ያለው ወዴት ይሂድ?

ይህን ለኢትዮጵያ ሙስሊም ማስረዳት አያሻም። በደጋው አገር ርስት የተነፈጉት አባቶቻችን በንግድና በሽመና ነበር የኖሩት። ጥበቡን የለበሰ መኳንንት ሲከበር የሸመነው «ቁጢት በጣሽ» እየተባለ ይሰደብ ነበር። አፄ ምኒልክ ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ እስከመከልከል ደርሰዋል። ነቢዩ ዳውድ (ዐ.ሰ) ከእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር እየተማረ ላደገ ሰው ይህ ስድብ እንዴት እንደሚያቃጥል መገመት አያዳግትም።

አሁን ወደ ለባሹ እንምጣ። አንድ ሰው ልብሱና ጫማው ያማረ እንዲሆን መውደዱ ኩራት እንደሆነ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሲጠይቃቸው፣ አላህ ውበትን እንደሚወድ፣ ኩራት ግን እውነትን መግፋትና ሰውን መናቅ እንደሆነ ነገሩት። የሐርለም ጥቁር በሀብታም ሱቅ በር ላይ በጥርጣሬ ዓይን እየታየ የኖረ ነው፤ የናቀውን ቤት ዓርማ በጀርባው ላይ አግዝፎ ቢለብስ ንቀትን መመለሱ ነው ሊባል ይችላል። ያም ሆኖ ያከበረው የናቀውን ሰው ስም ነው። የሰፋለት ወንድሙ ስም በጀርባው ላይ አልነበረም።

መርካቶ ውስጥ ሻጩ «ፎርጅድ ነው፣ አልዋሽህም» ብሎ ሸሚዝ ያወጣል። ርጥቡን ከላይ አድርጎ ለገዢው አሳይቷል፤ የስሙ ባለቤት ሐቅ ግን አሁንም አለበት። ወጣቱ ከፍሎ ይለብሰውና ጓደኛው «ኦሪጅናል ነው?» ሲለው ፈገግ ብሎ ዝም ይላል። እህሉን መልሶ የሸፈነው እሱ ነው። እዚያው አጠገብ በልኩ ጥሩ ሸሚዝ የሚሰፋለት ሰው ተቀምጧል፤ ስሙን የጠየቀው የለም።